እናቴን ወደ ማሸጊያ ክፍል የላከው ታብሌት

ለተከበሩ ዛሚርቤክ ቶክቶርባየቪች፣
የልብስ ስፌት ፋብሪካችን ዳይሬክተር፣
ባሉበት፣ ማለትም ሞቃቱ ቢሮ ውስጥ፣

ግልባጭ፦ ለሰፈራችን የዋትሳፕ ቡድን አባላት በሙሉ፣ ቀሚስ ለማይለብሱትም ጭምር፣

ጉዳዩ፦ እናቴን ቡሩልካንን ከእጅጌ መስመር ኃላፊነት አንስተው ማሸጊያ ክፍል ስለመወርወርዎ፣ ይህንንም የፊታችን ሰኞ በማኅተም ሊያጸኑት ስለመሆኑ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ያ ከዋና ከተማችን ከቢሽኬክ ያስመጡት የሚሽከረከር ወንበር ተስማማዎት? ቢሮዎ ይሞቃል? መኪናዎስ በዚህ የከተማችን የቶክሞክ ብርድ ጠዋት ጠዋት እሺ ብሎ ይነሳል? እኛ በጣም ደህና ነን። ጣቶቻችን፣ አልፎ አልፎ መርፌ ከሚገባባቸው በቀር፣ ሁሉም በየቦታቸው አሉ፤ ካላመኑ ኤልዲያርን ልከው ማስቆጠር ይችላሉ።

እኔ ጃዝጉል ነኝ። ቁልፍ ማሽን ላይ፣ ከመስኮቱ ሁለተኛዋ። በመልክ ካላስታወሱኝ በድምፅ ያስታውሱኛል፤ ማክሰኞ ዕለት ቢሮዎ በር ላይ የጮኸው የእሳት አደጋ ደወል አልነበረም፣ እኔ ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ ሰባት ነው፣ ትምህርቴን ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ያቋረጥኩትም ትምህርቱ ከብዶኝ ሳይሆን እኔ ለአስተማሪዎቹ ከብጃቸው ስለሆነ፣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የፊደል ስህተት ካገኙ የእነሱ፣ የድፍረት ስህተት ካገኙ ደግሞ የእኔ ነው።

አሁን ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ኤልዲያርን ስላመጡልን እናመሰግናለን። ኤልዲያር ማለት፣ ለማታውቁት የሰፈሬ ሰዎች፣ ከቢሽኬክ የመጣ፣ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሳይደርስ የሚያልቅበት፣ የሠራተኛ መረጃ ተንታኝ የሚባል ልጅ ነው። ሥራው እኛን መቁጠር ነው። ማን ስንት ሰዓት ገባች፣ ማን ምን ያህል ሰፋች፣ የማን ቀሚስ ተበላሽቶ ተመለሰ፣ ማን ቀረች፣ ማን ጭራሽ ለቀቀች፤ ይህን ሁሉ ላፕቶፑ ውስጥ ይከታል፣ ላፕቶፑ ቀለም ቀለም አድርጎ ያወጣዋል፣ እርስዎም ቀለሙን አይተው ይወስናሉ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ ወድጄው ነበር። ሥራውን ማለቴ ነው፤ ሱሪውን አይደለም።

በክረምት ከመስኮቱ በኩል ያለነው ሴቶች ከግድግዳው በኩል ካሉት ያነሰ እንደምንሰፋ ያወቀው እሱ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሥራ አስኪያጅ «የመስኮት ሴቶች ውጭ ውጭ ስለሚያዩ ነው» ብለው መጋረጃ አሰቅለውብን ነበር። ኤልዲያር ግን የምንዘገየው ጠዋት ጠዋት ብቻ እንደሆነ፣ ከምሳ በኋላ እንደምንስተካከል አሳየና የቀዘቀዘው ጣታችን እንጂ ልባችን እንዳልሆነ ታወቀ። ማሞቂያ ተገዛልን። እዚህ ላይ ያለ ምንም ሽሙጥ አመሰግናለሁ። ከዚህ በታች ምስጋና የሚመስል ነገር ካጋጠመዎት ግን ደግመው ያንብቡት።

ሁለተኛ፣ በሩ ላይ ስላሰቀሉልን ታብሌት እናመሰግናለን። ኤልዲያር አንድ ቀን ሰብስቦን «ፋብሪካ ማለት የሚሰፋ እጅ ብቻ አይደለም፤ አንዷ ስትቸገር ማን እንደምትደርስላት ካላወቅን ማንን መሾም፣ ማንን ማንሳት እንዳለብን አናውቅም» አለ። ልክ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔም ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ፣ እኔ ደግሞ ጭንቅላት የምነቀንቀው በዓመት አንዴ ነው። ከዚያ ታብሌቷ መጣች። ስንወጣ ፊቷ እንቆማለን፣ እሷም የቴሌቪዥን ዜና በምታነብ ሴት ድምፅ «ዛሬ ከሁሉ በላይ የረዳሽ ማን ነው? እባክሽ ሙሉ ስም ተናገሪ» ትለናለች።

ሙሉ ስም ተናገሪ!

ክቡር ሆይ፣ ኤልዲያር የፎቅ ልጅ ነው፣ ይሁን። እርስዎ ግን እዚሁ ያደጉ፣ እዚሁ ጉልበትዎ የተላጠ፣ እዚሁ ሠርግ የበሉ ሰው ነዎት። በዚህ ሰፈር ምራት የባሏን ታላላቆች ስማቸውን ጠርታ እንደማታውቅ ልነግርዎት ነው እንዴ? አማቷን አትጠራም፣ የባሏን አክስት አትጠራም፣ የባሏን ታላቅ ወንድም አትጠራም። ቤት ቢቃጠል እንኳ «አንቺዬ ውጪ» ትላለች እንጂ ስም አታነሳም። የእጅጌ መስመራችን ሴቶች ደግሞ ከጥቂቶቻችን በቀር ሁሉም የአንድ ዘር ምራቶች ናቸው፤ ባሎቻቸው ወንድማማችና የአጎት ልጆች ናቸው። እናቴ ቡሩልካን ለሁለቱ አማት ናት፣ ለቀሩት የባል አክስት ወይም የባል ታላቅ ዘመድ። ክሩ ሲጠላለፍ ወደ እሷ ነው የሚኬደው። እጅጌው አልገጥም ሲል ወደ እሷ። ሆድ ሲብስም ወደ እሷ። እና ማታ ታብሌቷ ስትጠይቅ ያቺን አንዷን ስም ነው መጥራት የማይቻለው!

የወንድሜን ሚስት ጉልዛትን በመጀመሪያው ቀን ቢያዩዋት ኖሮ። ታብሌቷ ፊት ቆማ ሻሿን አስተካከለች፣ አማት ፊት የቀረበች ነው የምትመስለው።

«እሷ ናታ» አለቻት።

«እባክሽ ሙሉ ስም ተናገሪ።»

«እሷ ናት አልኩሽ እኮ! ትልቋ!»

«እባክሽ ሙሉ ስም ተናገሪ።»

«ውይ ይቺ ደግሞ! የማን ዘር ብትሆኚ ነው አማትሽን በስም ጥሪ የምትዪኝ? አሳዳጊ የለሽም?»

«አልሰማሁም። እባክሽ ድገሚ።»

«ባለነጭ ሻሽ! ባለነጭ ሻሽ ናት የረዳችኝ! በቃሽ?»

«አመሰግናለሁ» አለች ታብሌቷ። ባለነጭ ሻሽ ተመዘገበች። ከኋላ የተሰለፉት ዘዴው ገባቸው። አንዷ «የላይኛው ቤት» አለች፣ አንዷ «ታላቋ» አለች፣ አንዷ «ቀስ ብላ የምትሄደው» አለች። እኔ ደግሞ «እናቴ» ስላት «የቤተሰብ አባል መምረጥ አይፈቀድም» ብላ ዘጋችብኝ። ታብሌት ፊቴ ላይ ሲዘጋብኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሰውማ ለምዶታል።

ሦስተኛ፣ ስለ ፋብሪካችን ደህንነት ስለተጨነቁልን እናመሰግናለን። ወሩ አልቆ ላፕቶፑ ሲከፈት በደመወዝ መዝገብ ላይ የሌሉ ሴቶች ከሁሉ የበለጠ ሲሠሩ ተገኙ። ባለነጭ ሻሽ የምትባል አንደኛ፣ ታላቋ የምትባል ሁለተኛ፣ የላይኛው ቤት የሚባል፣ ቤት ይሁን ሰው ያልታወቀ ነገር ሦስተኛ። እርስዎም እንደ ብልህ አስተዳዳሪ ወዲያው ወሰኑ፤ ያለ መታወቂያ የሚገቡ ሰዎች አሉ፣ ይያዙ! በሩ ላይ ጥበቃ ተጠናከረ፣ የሚሽከረከር የብረት በር ተተከለ፣ እኔ ካፖርት ለብሼ ስገባ ሁለት ጊዜ ተቀርቅሬበታለሁ።

ሽማግሌው ጥበቃችን ምን ያድርጉ። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዷን ሴት እያስቆሙ «ባለነጭ ሻሽ የምትባል ሰርጎ ገብ አለች ተብያለሁ፣ አይተሻታል?» ይሉ ጀመር።

ጉልዛት «የእርስዎ ባለቤት ምን ሻሽ ነው የሚያደርጉት?» አለቻቸው።

«ነጭ።»

«እንግዲያ ተይዛለች፤ እሷን ያስረክቡ።»

«ኧረ እሷማ እኔን ነው የያዘችኝ» አሉና በሩን ከፈቱላት።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን፣ ለእርስዎ ስል ነው የማልስቀው፣ ባለነጭ ሻሽን ፈልጎ የማግኘቱን ኃላፊነት ለማን እንደሰጡት ነው። ለመስመሩ ኃላፊ! ለቡሩልካን! እናቴ ነጭ ሻሿን እንዳደረገች ፊትዎ ቆማ «እሺ፣ እፈልጋታለሁ» ብላ ወደ እጅጌዋ ተመለሰች። ለምን አልነገርሻቸውም ስላት «ምራቶቼ ስሜን ስለማይጠሩ ነው ብዬ እንዴት አፌን እከፍታለሁ? ራሴን ማስከበር አይሆንብኝም?» አለችኝ። እናቴ እንዲህ ናት። እኔ በማን እንደወጣሁ ቤታችን ውስጥ እስካሁን ይጣራል።

አራተኛ፣ ስለተሸለምኩት ፔርሙስ አመሰግናለሁ። ለካ አንዳንዶቹ ሴቶች «የጃዝጉል እናት» ብለው ነበር። ታብሌቷ «እናት» የሚለውን ምን እንደምታደርገው ጠፍቷት ጃዝጉል የሚለውን ብቻ ወሰደች። እኔም ከሕያዋን ሠራተኞች መካከል በረዳትነት ሁለተኛ ወጣሁ። እኔ! ሰው መቀስ ሲለምነኝ «የራስሽ የት ሄደ?» የምል እኔ! ስሜ ሲጠራ አዳራሹ ውስጥ የተሰማው ሳቅ ጭብጨባ መስሎዎት በትሕትና ጎንበስ ሲሉ አይቻለሁ።

አምስተኛ፣ አይፔሪን ስለሾሙልን እናመሰግናለን። አይፔሪ ጓደኛዬ ናት፣ ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች፣ የመጣችውም በመከር ነው። ሥራዋ ክር መቀንጠብና ለሻይ ሙቅ ውሃ ማምጣት ነበር። ነገር ግን ታናሽ ስለሆነች ስሟን ማንም ሰው እንደልቡ ይጠራዋል። ታብሌቷ ሙሉ ስም፣ ሙሉ ስም እያለች ስታደክማቸው ጊዜ፣ አውቶቡስ የሚያመልጣቸው ሴቶች ሁሉ «አይፔሪ!» እያሉ እየሮጡ ወጡ። በዚህም ምክንያት አይፔሪ በላፕቶፑ ላይ ትልቅ ቀይ ክብ ሆነች፣ ሁላችንም ትንንሽ ነጠብጣብ ሆነን በዙሪያዋ ተሰበሰብን። እናቴ ከዳር፣ ብቻዋን፣ ግራጫ ነጥብ ሆና ቀረች። ዜሮ። ማንንም ያልረዳች ሴት።

ማክሰኞ ሰበሰቡን። ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አበሩት። ግራጫዋን ነጥብ በጣትዎ ነክተው «ይህች መቀመጫ ለዓመታት ያለ ጥቅም ተይዛ ኖራለች» አሉ። እናቴ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ አይፔሪን ጠርተው «ከዛሬ ጀምሮ መስመሩ የት እንደሚቀመጥ እንኳ የምትወስነው እሷ ናት» አሉ። አይፔሪ ተነሳች። «እኔ እጅጌ መግጠም አልችልም እኮ» አለች። እርስዎም ፈገግ ብለው «ትሕትናዋን አያችሁ?» አሉን።

ስድስተኛ፣ ቢሮዎ በር ላይ ስላስተናገዱኝ አመሰግናለሁ። ያን ቀን መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ኤልዲያር ነው። «ባይኬ»፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ማለት ግዴታ ስለሆነ በጨዋ ደንብ ነው የጀመርኩት።

«ኤልዲያር ባይኬ፣ ግራጫዋ ነጥብ እኮ ናት ባለነጭ ሻሽ። ታላቋም እሷ ናት። ሁሉም እሷ ናት። ምራቶቹ ስሟን መጥራት ስለማይችሉ ነው።»

«ጃዝጉል፣ ይሄ ወሬ ነው። እኔ በወሬ አልሠራም። መረጃ አምጪልኝ።»

«እሺ፣ ያንተ ሚስት እናትህን በስም ትጠራታለች?»

«አላገባሁም።»

«እንዲህ ሆነህማ አታገባም!»

ከዚህ በኋላ ነው ድምፄ ከፍ ያለው፣ ከዚህ በኋላ ነው እርስዎም በሩን የከፈቱት። ነገሩን ከእንደገና አስረዳሁዎት። ሰምተውኛል፣ አልዋሽም። ሰምተው ሲያበቁም ዓይንዎን ከስልክዎ ሳያነሱ «ቁጥሩ ከእናትሽ ጋር ምን ጠብ አለውና ይዋሽባታል?» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ቁጥሩ አልዋሸም። ቁጥሩ ምስኪን ነው፣ የሰጡትን ነው የሚበላው። ጥያቄው ነው አፍ የሚያዘጋው። ሰው ሊመልሰው የማይችለውን ጥያቄ ጠይቀው ዝም ሲባሉ፣ ዝምታውን ዜሮ ብለው ጻፉት። ማሞቂያው ጊዜ ኤልዲያር እኮ መጥቶ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር፤ እጁን ሲበርደው ነው የገባው። አሁን ግን ከሙቅ ቢሮ ሆኖ ቀለም ያያል።

ለነገሩ እርስዎ ደግ ሰው ነዎት። «ጥሩ፣ እንዳይቆጭሽ፤ ሐሙስ ከእንደገና ይጠየቅ። ስሟ ከተጠራ ትመለሳለች። ካልተጠራ ሰኞ አጸድቀዋለሁ» አሉ። እስከዚያው ረቡዕ ጠዋት እናቴ ወደ ማሸጊያ ክፍል ወረደች። ማሸጊያ ክፍል፣ ምናልባት ወርደው ስለማያውቁ፣ ወንበር የለውም። ሲሚንቶ ላይ ቆሞ ቀሚስ ማጠፍ፣ ካርቶን መዝጋት ነው፣ ጠዋት እስከ ማታ። የእናቴ ጉልበት ደግሞ ተቀምጣ እንኳ የሚጠዘጥዛት ጉልበት ነው። እዚያ የገባ አሮጌ ሠራተኛ ቀጥሎ የሚወጣው በየት በኩል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እሷ ደግሞ አታማርርም፣ አትለምንም፤ አንድ ቀን ጠዋት ሳትመጣ ትቀራለች፣ በቃ። እኔ የምፈራው ያንን ጠዋት ነው።

ሰባተኛ፣ ስለ ሐሙስ። በሻይ ሰዓት ሁሉም እናቴ ጋ ማሸጊያ ክፍል ወረዱ። ጉልዛት ያመጣችውን ትኩስ የሥጋ ሳምሳ ማንም አልነካውም።

ጉልዛት «እማ፣ እኔ እጠራዋለሁ» አለቻት። «ዓይኔን ጨፍኜ አንዴ እጠራዋለሁ። እግዜር ይቅር ይለኛል።»

«እኔም» አለች ሌላዋ። «እኔም» አለች ሦስተኛዋ።

«ባሌ ቢሰማስ?» አለች አንዷ።

«ባልሽ የሚሰማው የእግር ኳስ ብቻ ነው፤ አይዞሽ።»

ተሳሳቁ። እናቴ ግን አልሳቀችም። የያዘችውን ቀሚስ አጥፋ ካርቶኑ ውስጥ አስተኛችው፣ ሌላ አነሳች።

«እኔ አማቴን እስክትቀበር ድረስ ስሟን አልጠራሁም» አለች። «ክፉ ነበረች። የሰፋሁትን ሁሉ እየፈታች ነበር የምታሰፋኝ። ቢሆንም አልጠራሁም። እናንተ እኔን የምታከብሩኝ ልባችሁ ፈቅዶ ነው፤ ማንም አላስገደዳችሁም። ያንን አውጥታችሁ ግድግዳ ላይ ለተሰቀለ ትሪ ልትሰጡት ነው? ለእኔ ወንበር ብላችሁ? አይሆንም። እኔ ልብስ ማጠፍ እችላለሁ።»

«ጉልበትሽስ?» አልኳት እኔ።

«አንቺ ደግሞ አፍሽን እጠፊ።»

ማታ ሁሉም በተራ ታብሌቷ ፊት ቆሙ። «ዛሬ ከሁሉ በላይ የረዳሽ ማን ነው?» ስትል ዝም። «አልሰማሁም፣ እባክሽ ድገሚ» ስትል ዝም። አይፔሪ እንኳ ዝም። እንደዚያ ዓይነት ሰልፍ አይቼ አላውቅም፤ አውቶቡሱ እየጮኸ፣ አንዲትም ሴት ሳትሮጥ። አርብ ጠዋት ውጤቱ ተለጠፈ፦ በዚህ ፋብሪካ ማንም ማንንም አይረዳም። እርስዎም ከሥሩ «ሰኞ ይጸድቃል» ብለው ፈረሙበት።

ስምንተኛ፣ እዚህ ላይ አንድ ምስጋና ጽፌ ነበር፤ ጉልዛት አንብባ «ይሄ ያሳስርሻል» ስላለችኝ ሰርዤዋለሁ። ከፈለጉ በአካል እነግርዎታለሁ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ሰኞ ጠዋት ሲገቡ ድንገት እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ይህን ደብዳቤ መጻፌ። እርስዎ አርብ ከምሳ በኋላ ወደ ቢሽኬክ ስለሄዱ ያልሰሙት ነገር አለ።

አርብ ጠዋት የእጅጌ መስመሩ እንዴት እንደዋለ አይጠይቁኝ። የቀኙ እጅጌ በግራ፣ የግራው በቀኝ፤ አንዱ ቀሚስማ ሁለቱም እጅጌ ወደ ኋላ ዞሮ ወጣ፣ ለታሰረ ሰው የተሰፋ ነው የሚመስለው። አይፔሪ አንዱን ፈታ ሌላውን ስትገጥም፣ ያንን ፈታ ይህን ስትወጋ ቆየችና እንባዋ ጨርቁ ላይ ወረደ። ሴቶቹ ሊያግዟት ተነሱ፣ ግን እነሱም የሚጠይቁት ሰው ታች ነው። አንዷ ወርዳ ጠይቃ ትመጣለች፣ አንዷ ደግሞ ትወርዳለች፤ ደረጃው የገበያ መንገድ ሆነ።

ከዚያ አይፔሪ አፍንጫዋን ጠረገችና ወንበሯ ላይ ቆመች። ሁልጊዜ የምታፍር ልጅ ናት፤ ድምፅዋ እንደዚያ እንደሚወጣ እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም።

«ስሙኝማ! እኔ የመስመሩ ኃላፊ ነኝ አይደል?»

«ነሽ!» አልናት።

«መስመሩ የት እንደሚቀመጥ የምወስነው እኔ ነኝ ተብሏል አይደል? ዳይሬክተሩ በአፋቸው ነው የተናገሩት!»

«ተብሏል!»

«እንግዲያው ወስኛለሁ። መስመሩ ማሸጊያ ክፍል ነው የሚቀመጠው። ኤሌክትሪክ ንቀሉ!»

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ የእርስዎን ብልህነት አደነቅኩ። በዚያ ሁሉ ቀለም ውስጥ አንድ እውነተኛ ኃላፊ አግኝተዋል፤ እንዴት እንዳገኟት ባያውቁም።

የስፌት ማሽን ከእነ ጠረጴዛው ደረጃ ማውረድ ቀላል አይደለም። አራት አራት ሆነን ተሸከምነው። መካኒኩ «ከሥራ ታስባርሩኛላችሁ» እያለ ገመዱን ዘረጋልን። ጥበቃው ሽማግሌ በሩን ደግፈው ያዙልን። እናቴ የመጀመሪያው ማሽን ሲገባ ስታይ እጇ ካርቶኑ ላይ ቀረ።

«አብዳችኋል? ምንድነው ይሄ? ወደ ቦታችሁ!»

«ትእዛዝ ነው፣ ኤጄ» አለቻት አይፔሪ፣ እንደ ታላቅ እህት እያከበረች። «የመስመሩ ኃላፊ ትእዛዝ ነው።»

«የየትኛዋ ኃላፊ?»

«የእኔ።»

እናቴ አየቻት። ሁላችንንም አየችን። ጉልዛት ወንበር አምጥታ ከኋላዋ አስቀመጠችላት፤ ጉልበቷ ጋ አስጠጋችላት። ለረጅም ጊዜ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ከዚያ «ገመዱን አትርገጡት!» ብላ ጮኸችና ተቀመጠች። «አምጪ እስቲ ያንን እጅጌ። ይህን የሰፋችው ማናት? እጅ ነው ክንፍ ነው የምትገጥሚው?» ከዚያ በኋላ እስከ መውጫ ሰዓት ያለው ሥራ ነው። የተዞሩት እጅጌዎች በሙሉ ተፈተው ዞረው ተገጥመዋል፣ በዚያው ተጣጥፈዋል፣ በዚያው ታሽገዋል።

ኤልዲያር ወርዶ አይቶናል። በሩ ላይ ቆሞ ብዙ ቆየ። ላፕቶፑን ይዞ ነበር፣ ግን አልከፈተውም። አንዷ ስትነሳ፣ እናቴ ጋ ስትሄድ፣ ጎንበስ ብላ ስትጠይቅ፣ ስትመለስ፣ ሌላዋ ስትነሳ፤ እያንዳንዷን በዓይኑ ሲከተል አየሁት። በመጨረሻ «ስም ሳልጠይቅ እግራቸውን ብቻ ብቆጥር ይበቃኝ ነበር» አለ፣ ለራሱ ነው። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ባይኬ ስለው አፌ አልጎመዘዘኝም። ሰኞ ወደ ቢሮዎ ይመጣል፤ እባክዎ እርስዎ ደግሞ «ወሬ ነው» እንዳይሉት፣ ይህን ቃል ያስተማረን እሱ ስለሆነ ያፍራል።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት የላይኛው አዳራሽ ባዶውን ይጠብቅዎታል። ሁለት ነገር ማድረግ ይችላሉ። ማኅተምዎን ይዘው ማሸጊያ ክፍል ወርደው፣ እነዚያ ሁሉ ሴቶች እያዩዎት ቡሩልካን ማንንም አልረዳችም ብለው ማተም ይችላሉ። ወይም ማኅተሙን ኪስዎ ውስጥ ትተው ማሽኖቹን ወደ ላይ ለመመለስ አንዱን ጠረጴዛ በአንድ በኩል ማንሳት ይችላሉ። እናቴም ወንበሯን ይዛ ትከተላለች። ሌላ ሦስተኛ መንገድ ካለ ላፕቶፑ ይንገርዎት።

ወገብዎ ለሸክም እንዲጠነክርልዎ፣ ጆሮዎ ከቢሮዎ በር ውጭ ያለውንም ድምፅ እንዲለይልዎ፣ ግድግዳዎ ላይ ያለው ቀለም ሁሉ እንዲያምርልዎ እየተመኘሁ፣ ለጊዜው ሊቆጥሩት በማይችሉት አክብሮት፣

ጃዝጉል፣
የቡሩልካን ልጅ፤ ስሟን እንደልቤ የምጠራ፣ ስለዚህም በደንብ የጠራሁ፣
ከቁልፍ ማሽን፣ አሁን ማሸጊያ ክፍል

በኅዳግ፦ ትናንት ባለቤትዎን ሮዛ ኤጄን ዳቦ ቤት አገኘኋቸውና፣ ለመረጃ ያህል፣ «በቤትዎ ከሁሉ በላይ የሚረዳዎት ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «የልብስ ማጠቢያው ማሽን» አሉ። «ከዚያስ?» ስላቸው «ውሻው» አሉ። «ከዚያስ?» ስል «ያ ሰውዬ አንዳንዴ ቆሻሻ ይጥላል» አሉኝ። ሙሉ ስም እንዲነግሩኝ ብለምናቸው፣ ባላቸውን በስም መጥራት ነውር ስለሆነ እንቢ አሉ። በዚህም መሠረት በቤትዎ ውስጥ ያስመዘገቡት ውጤት ዜሮ መሆኑን በታላቅ ኀዘን እገልጻለሁ። ውሳኔው ከጸደቀና ዕቃዎን ለማሸግ ካርቶን ካስፈለገዎት፣ የት እንዳለን ያውቃሉ።